የኩባንያ የሕግ ሰውነት ምንድን ነው?

«የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ኩባንያ ሰው ነው ብሎ ፈረደ።» ይህን አባባል በአማርኛ የፖለቲካ ትንታኔዎች ውስጥ ስንቴ ሰማሁት! ሰሞኑን አንድ ተንታኝ በሙሉ ልብ ሲደግሙት ስሰማ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። ገንዘብ በምርጫ ላይ ስላለው ጉልበት የተናገሩት ያስቆጣል፤ እኔንም ያስቆጣኛል። ጥፋተኛ ያደረጉት ግን ሌላውን ነው።

«ሲትዝንስ ዩናይትድ» በሚባለው፣ ኩባንያዎች ለምርጫ ቅስቀሳ በሚያወጡት ገንዘብ ላይ በተሰጠው የ2010 ውሳኔ ኩባንያ ሰው አልሆነም። በሕግ ፊት «ሰው» ከሆነ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።)

የሕግ ሰውነት ማለት በራስ ስም ንብረት መያዝ፣ ውል መግባት፣ መክሰስና መከሰስ መቻል ነው። በቃ። የሚተነፍስ፣ የሚያገባ፣ የሚመርጥ ሰው ማለት አይደለም፤ ማንም ዳኛ እንዲህ ብሎ አያውቅም።

እድርን እንውሰድ። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ ወንበሩ የማን ነው? እድሩን ያቋቋሙት ሽማግሌዎች አብዛኞቹ ሞተዋል። ድንኳኑ ግን አለ፤ ነገም ለቅሶ ቤት ይተከላል። ከእድሩ የወጣ ሰው ከድንኳኑ ላይ ድርሻዬን ቅደዱልኝ አይልም። ወንበር ተከራይቶ ያልመለሰ ሰው ቢኖር የሚጠይቀው እድሩ ነው፤ 200 አባል ተራ በተራ በሩን አያንኳኳም። እድሩ ከአባላቱ የተለየ አንድ ነገር ሆኖ እንዲቆም ያደረግነው እንዲህ ካልሆነ ሥራ ስለማይሠራ ነው። ዋናው ዳኛ ጆን ማርሻል በ1819 በዳርትማውዝ ኮሌጅ ጉዳይ ኮርፖሬሽንን ሲገልጹ ሰው ሠራሽ፣ የማይታይ፣ የማይዳሰስ፣ በሕግ ዓይን ብቻ ያለ ፍጡር ነው ያሉት ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር። ዋሽንግተን አካባቢም ሆነ ሌላ ከተማ ለታክሲ፣ ለጭነት ወይም ለምግብ ቤት ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) የከፈታችሁ ወገኖቼ፣ የናንተም ድርጅት ይህ ሰውነት አለው። ግን የድርጅቱን ሒሳብ ከኪሳችሁ ጋር ካደባለቃችሁት ፍርድ ቤት ድርጅቱን አልፎ ቤታችሁ ድረስ ሊመጣ ይችላል። ደግሞ በፌዴራል ፍርድ ቤት ለራሳችሁ ያለ ጠበቃ መቆም ትችላላችሁ፣ ለኤልኤልሲያችሁ ግን አትችሉም። ሰውነቱ የሱ ነው፤ እናንተ እሱ አይደላችሁም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ቀጥሎ የሚመጣው ክርክር ሁሌም የ1886ቱ ነው። የሳውዘርን ፓሲፊክ ባቡር ኩባንያ በካሊፎርኒያ ከሳንታ ክላራ አውራጃ ጋር በግብር ተጣላ። ክርክሩ ሳይጀመር ዋናው ዳኛ ሞሪሰን ዌይት፣ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 14ኛ ማሻሻያ የሚሰጠው እኩል የሕግ ጥበቃ ለነዚህ ኩባንያዎች ይሠራል ወይ በሚለው ላይ ክርክር መስማት አንፈልግም፣ ይሠራል ብለን ሁላችንም እናምናለን አሉ። ጉዳዩ በመጨረሻ የተቋጨው በሌላ ነጥብ ነው፤ የባቡር መስመሩን አጥር ገምቶ ግብር መጣል የማን ሥልጣን ነው በሚለው። ውሳኔዎቹን አጠናቅሮ የሚያሳትመው ባንክሮፍት ዴቪስ ግን የዌይትን ንግግር ከውሳኔው አናት ላይ በሚቀመጠው ማጠቃለያ ውስጥ አስገባው። ዴቪስ ቀደም ሲል የአንድ ባቡር ኩባንያ ፕሬዚዳንት ነበር።

ይህ ታሪክ ያሳፍራል። 14ኛው ማሻሻያ በ1868 የጸደቀው ከባርነት ለወጡ ጥቁሮች ነው። ባቡር ኩባንያዎች ጥላው ሥር ሲገቡ፣ የታሰበላቸው ሰዎች ደግሞ በደቡብ ግዛቶች ከለላውን እየተነፈጉ ነበር። በዚህ መናደድ ተገቢ ነው። ግን «እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የአንድ ጸሐፊ ተንኮል ነው» የሚለው ድምዳሜ አያስኬድም። ፍርድ ቤቱ ራሱ በ1888 እና በ1889 ኩባንያዎች በዚህ ማሻሻያ ውስጥ «ሰው» የሚለው ቃል እንደሚያቅፋቸው በውሳኔ ጽፏል። ማጠቃለያው ቢቀደድ እነዚያ ውሳኔዎች ይቀራሉ።

ተንታኙ የዘለሉት ዋናው ነገር ይኸውና። ፍርድ ቤቱ «ሰው ነው፤ ስለዚህ የሰው መብት ሁሉ አለው» ብሎ አያውቅም። መብቶቹን አንድ በአንድ ነው የሚያነሣቸው። ጥያቄውም፣ ይህን መብት ለድርጅቱ ካልሰጠነው ከኋላው ያሉት ሰዎች ምን ያጣሉ? የሚል ነው።

በእድሩ እንቀጥል። ፖሊስ በዘፈቀደ የእድሩን ዕቃ ቤት ሰብሮ ሁሉን ነገር ቢበረብር ልክ አይደለም። በ1906 በሄል እና ሄንከል ጉዳይ ፍርድ ቤቱ ኮርፖሬሽን ያለአግባብ ከመበርበር ይጠበቃል አለ። የእድሩ ገንዘብ ያዥ ግን መዝገቡን አምጣ ሲባል «ያስወነጅለኛል» ብሎ መደበቅ አይችልም። በዚያው በ1906 ውሳኔ፣ በራስ ላይ ያለመመስከር መብት ለኮርፖሬሽን የለም ተባለ። አንድ ወረቀት ላይ፣ በአንድ ቀን፣ አንዱ መብት ተሰጠ፣ ሌላው ተከለከለ። ዜግነትም አልተሰጣቸውም፤ በ1869 አንድ የኢንሹራንስ ጉዳይ ላይ ኮርፖሬሽን የዜጎችን ልዩ መብት መጠየቅ አይችልም ተብሏል። በ2011፣ ማለትም ከሲትዝንስ ዩናይትድ አንድ ዓመት በኋላ፣ የስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ በመረጃ ነፃነት ሕጉ ውስጥ ያለው የግል ሕይወት ጥበቃ ይገባኛል ብሎ ሲመጣ፣ ዳኞቹ 8 ለ0 አይገባህም አሉት። ኩባንያ በሁሉም ነገር ሰው ሆኗል ቢባል ይህ ውሳኔ ከየት ይመጣል?

አሁን የእድሩን የአባላት መዝገብ አስቡት። መንግሥት በጥላቻ ዓይን የሚያየው እድር ነው እንበል፤ ስማቸው ከወጣ አባላቱ ከሥራ ይባረራሉ፣ ይደበደባሉ። ይህ የምናብ ነገር አይደለም። በ1950ዎቹ የአላባማ ግዛት የጥቁሮች መብት ተሟጋቹን ኤንኤኤሲፒ የአባላትህን ዝርዝር አስረክብ አለው። ድርጅቱ በኒውዮርክ ሕግ የተቋቋመ ኮርፖሬሽን ነበር፤ አላባማም የያዘችው ሰበብ ከሌላ ግዛት የሚመጡ ኮርፖሬሽኖች የሚመዘገቡበትን ሕግ ነው። አልሰጥም ሲል 100,000 ዶላር ተቀጣ። በ1958 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ፣ ድርጅቱ የአባላቱን መብት ይዞ መከራከር ይችላል፣ ዝርዝሩም አይሰጥም አለ። «ሕገ መንግሥታዊ መብት ለሥጋ ለባሽ ሰው ብቻ» የሚል ሕግ ያኔ ቢኖር አላባማ ታሸንፍ ነበር። ተንታኙ ይህን ጉዳይ አንዴ ቢጠቅሱልኝ ምንኛ ደስ ባለኝ!

ጋዜጦችም እንዲሁ። በሉዊዚያና ግዛት ፖለቲከኛው ሂዩይ ሎንግና ደጋፊዎቹ በትልልቅ ጋዜጦች የማስታወቂያ ገቢ ላይ 2 ከመቶ ግብር ጣሉ። ጋዜጦቹ አብዛኞቹ ሎንግን የሚቃወሙ ነበሩ። በ1936 ግብሩ ተሻረ። ከሳሾቹ የጋዜጣ ኩባንያዎች ነበሩ። ኩባንያ የፕሬስ ነፃነት የለውም ከተባለ ጋዜጣ ለመዝጋት ጋዜጠኛ ማሰር አያስፈልግም፤ ኩባንያውን በግብር ማነቅ ይበቃል።

እንግዲህ 2010 ምን ሆነ? በ2002 የወጣ ሕግ ኮርፖሬሽኖችና የሠራተኛ ማኅበራት ምርጫ ሲቃረብ ስለ ዕጩዎች በቴሌቪዥን እንዳያስተላልፉ፣ በካዝናቸው ገንዘብ እንዳይከፍሉም ይከለክል ነበር። ሲትዝንስ ዩናይትድ የተባለ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ሂላሪ ክሊንተንን የሚነቅፍ ፊልም በዚያ ጊዜ ማሳየት ፈለገ። 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ክልከላው ወደቀ። ዳኛ አንቶኒ ኬነዲ የጻፉት፣ ተናጋሪው ኮርፖሬሽን ስለሆነ ብቻ የፖለቲካ ንግግር አይታገድም የሚል ነው። ክርክሩ የቆመው በንግግሩ ላይ እንጂ «ኩባንያ ሰው ነው» በሚል መሠረት ላይ አይደለም። በ1978 በቤሎቲ ጉዳይም ፍርድ ቤቱ ይህንኑ ብሎ ነበር፤ ጥያቄው ኮርፖሬሽን የሰውን ያህል መብት አለው ወይ ሳይሆን፣ ሕጉ ጥበቃ የሚገባውን ንግግር ነካ ወይ ነው ብሎ።

ያልተነካም አለ። ኮርፖሬሽን ለፌዴራል ዕጩ በቀጥታ ገንዘብ እንዳይሰጥ ከ1907 ጀምሮ ክልክል ነው፤ ዛሬም ክልክል ነው። የተፈቀደው ከዕጩው ጋር ሳይመካከሩ በራስ የሚወጣው ወጪ ነው። ሱፐር ፓክ የሚባሉት፣ ያለ ገደብ ገንዘብ ሰብስበው ለምርጫ ቅስቀሳ የሚያወጡት ቡድኖችም በቀጥታ የመጡት ከሌላ ውሳኔ ነው፤ በዚያው ዓመት በዋሽንግተን የይግባኝ ፍርድ ቤት ከተሰጠው። የ2014ቱ የሆቢ ሎቢ ውሳኔም፣ ባለቤቶቹ በሃይማኖታቸው ምክንያት ለሠራተኞች የወሊድ መከላከያ አንሸፍንም ያሉት ኩባንያ ጉዳይ፣ ከዚህ ጋር ሲደባለቅ ያናድደኛል። እሱ የተወሰነው ኮንግረስ በ1993 ባወጣው ተራ ሕግ ነው። ኮንግረስ ነገ ሕጉን ማሻሻል ይችላል። የሕገ መንግሥት ትርጉም ግን በተራ ሕግ አይቀየርም።

ይህን ሁሉ ስል የ2010ሩ ውሳኔ ልክ ነበር እያልኩ አይደለም። ስህተት ነበር ባይ ነኝ። እዚህ ላይ እድሩ ራሱ ያሳየናል። በእድር አባላቱ ይተዋወቃሉ፤ በየወሩ ይሰበሰባሉ፤ ሀብታሙም ድሃውም አንድ ድምፅ አለው። የገቡትም ለአንድ ዓላማ ነው። ስለዚህ እድሩ ሲናገር የማን ድምፅ እንደሆነ እናውቃለን። ኤንኤኤሲፒም እንዲሁ። በትልቅ አክሲዮን ኩባንያ ግን ብዙ አክሲዮን ያለው ብዙ ድምፅ አለው። ለጡረታዋ የምታጠራቅም ነርስ በጡረታ ፈንዷ በኩል የየትኞቹ ኩባንያዎች ባለድርሻ እንደሆነች እንኳ አታውቅም። ሥራ አስኪያጁ ከካዝናው ሚሊዮን አውጥቶ የምርጫ ማስታወቂያ ሲያሠራ የማንን የመናገር መብት ነው የተጠቀመው? ዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስ በረጅሙ የልዩነት ሐሳባቸው ካነሧቸው ነጥቦች አንዱ ይህ የባለአክሲዮኖች ጉዳይ ነው። መከራከር ያለብን እዚህ ላይ ነው፤ ድርጅቱ ከኋላው ላሉት ሰዎች የሚቆም ነው ወይስ በነሱ ገንዘብ ሌላ ሰው የሚናገርበት?

ነገሩን «የአሜሪካ በሽታ» የሚሉም አሉ። የኛን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 2 አንብቡ። የግል ንብረት ባለቤት ከሚላቸው ውስጥ የሕግ ሰውነት የተሰጣቸው ማኅበራት በግልጽ አሉበት። የሕግ ሰውነት ግዴታም ያመጣል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 34 የሕግ ሰውነት ያለው ድርጅት በወንጀል እንዲቀጣ ያደርጋል፤ የመንግሥት አስተዳደር አካላትን ግን ነጥሎ ያወጣል። በአሜሪካም ከ1909 ጀምሮ ኩባንያ በወንጀል ይከሰሳል፤ የመጀመሪያው ትልቅ ጉዳይ የባቡር ኩባንያ ነበር። የሕግ ሰውነትን ብታጠፉት ወንዝ የበከለውን ፋብሪካ ማንን ትከሳላችሁ? ያለፈው ዓመት ሥራ አስኪያጅ ወጥቷል፤ ባለአክሲዮኖቹ ተቀያይረዋል።

አሜሪካ ውስጥ የምትመርጡ ወገኖች ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል የሚል ፊርማ ሲመጣላችሁ ሁለት ዓይነት እንዳለ እወቁ። አንዱ የሕገ መንግሥቱ መብቶች የተፈጥሮ ሰዎች ብቻ ናቸው ይላል። እሱን ስታዩ አላባማን አስታውሱ። ሌላው ለኮንግረስና ለግዛቶች የምርጫ ወጪን በልክ የመገደብ ሥልጣን ይሰጣል፤ የፕሬስ ነፃነትንም አይነካም። ይህኛው በ2014 ሴኔት ደርሶ 54 ለ42 ሆነና ክርክሩን ለመዝጋት የሚያስፈልገው 60 ድምፅ ስላልሞላ ቀረ። ቢያልፍ እንኳ የሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛና የ38 ግዛቶች ይሁንታ ይጠብቀው ነበር። እኔ የምፈርመው ሁለተኛውን ነው።