ቶኩሳትሱ ምንድን ነው? ከመጀመሪያው ጎድዚላ ጀርባ ያለው ጥበብ

የመጀመሪያው የጎድዚላ ፊልም ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1954 ጃፓን ውስጥ ነው። ሌሎቹንም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ጃፓኖች ጎጂራ የሚሉት ይህ አውሬ 50 ሜትር ቁመት አለው፤ ከባሕር ወጥቶ ቶኪዮን ያቃጥላታል። ኮምፒውተር ለፊልም ሥራ ከመዋሉ ብዙ ዓመታት በፊት ስለሆነ ፊልሙ ላይ የምናየው ነገር ሁሉ በእጅ የተሠራ ነው። አውሬው ውስጥ ሃሩዎ ናካጂማ የተባለ የ25 ዓመት ወጣት ነበር። የሚያፈርሳቸው ትላልቅ ሕንፃዎችም ከደረቱ ብዙም አያልፉም።

ይህን የመሰለው አሠራር ቶኩሳትሱ ይባላል፦ ሰው የሚለብሰው የአውሬ አካል፣ በልክ ተቀንሰው የተሠሩ ከተሞች፣ በሽቦ ተንጠልጥለው የሚበሩ አውሮፕላኖች፣ ገንዳ ውስጥ የሚነሣ ማዕበል፣ እውነተኛ እሳትና ጭስ፣ ከዚያም ይህን ሁሉ ከተዋንያኑ ምስል ጋር አንድ የሚያደርግ የካሜራ ጥበብ። ዛሬ ጃፓን ውስጥ ቶኩሳትሱ ራሱን የቻለ የፊልም ዓይነት መጠሪያም ሆኗል።

ብዙ ሰው ነገሩን የሚያውቀው በፌዝ ነው፤ “ጎማ የለበሰ ሰውዬ ካርቶን ሲረግጥ” ይባላል። ይህ አባባል ያሳዝነኛል። ሰውየው ጎማ መልበሱ እውነት ነው። ግን ሁለት ሜትር ገደማ የሆነን ነገር ሃያ ሺህ ቶን የሚመዝን አስመስሎ ማሳየት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የተረዳ ሰው በቀላሉ አይስቅበትም።

የጎድዚላን የቶኩሳትሱ ሥራ የመራው ኤይጂ ትሱቡራያ ነው። በ1901 ፉኩሺማ ውስጥ ሱካጋዋ በምትባል ከተማ ተወለደ፤ ሙያውን የጀመረው በካሜራ ባለሙያነት ነው። በ1933 ኪንግ ኮንግ የተባለውን የግዙፍ ዝንጀሮ ፊልም ካየ በኋላ ቅጂውን አግኝቶ እያንዳንዷን ፍሬም፣ ማለትም የፊልሙን ነጠላ ምስል፣ እየመረመረ እንዴት እንደተሠራ አጠና። ኪንግ ኮንግ የተሠራው ትንሽ አሻንጉሊትን በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ፣ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ አንድ ፎቶ በማንሣት ነው። ትሱቡራያ ጎድዚላንም እንዲሁ መሥራት ይመኝ ነበር፤ ነገር ግን ያ መንገድ ሰባት ዓመት እንደሚወስድ ተናገረ። ቶሆ የተባለው ስቱዲዮ ደግሞ ፊልሙን የፈለገው በዚያው ዓመት መጸው ላይ ነው። አውሬውን ሰው እንዲለብሰው የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጥሩ የጎማ ጥሬ ዕቃ እንደ ልብ አይገኝም ነበርና የመጀመሪያው ልብስ 100 ኪሎ ያህል መዘነ። ድርቅ ያለ ስለነበር ናካጂማ ለብሶት ጥቂት ሜትር ብቻ ተራምዶ ወደቀ። ልብሱን አልጣሉትም፤ ለሁለት ቆርጠው እግር ወይም የላይኛው አካል ብቻ ለሚታይባቸው ቀረጻዎች ተጠቀሙበት። ለዋናው ቀረጻ ቀለል ያለ ሌላ ተሠራ። የቆዳው ሸካራነት ከአቶሚክ ቦምብ የተረፉ ሰዎች ገላ ላይ የቀረውን የቃጠሎ ጠባሳ እንዲመስል ሆኖ ነው የተቀረጸው። ናካጂማ በበኩሉ የእንስሳት ማቆያ ሄዶ ዝሆንና ድብ እንዴት እንደሚራመዱ ይመለከት ነበር። ግዙፍ እንስሳ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲያዛውር ያለችውን ቆይታ ነበር የሚፈልገው።

አሁን ወደ ዋናው ብልሃት እንምጣ። የትሱቡራያ ሰዎች ቶኪዮን በ25 እጥፍ አሳንሰው ሠሯት። በዘመኑ የከተማዋ ሕንፃዎች በሕግ ከ31 ሜትር እንዳያልፉ ተወስኖ ስለነበር 50 ሜትር የሆነ አውሬ ከጣሪያዎቹ በላይ አሻግሮ ያያል። በዚህ ልክ ትልቁ ሕንፃ 1 ሜትር ከ24 ሴንቲሜትር ይሆናል ማለት ነው። ቁመቱን መቀነስ ቀላል ነው፤ የመሬትን ስበት ግን መቀነስ አይቻልም። ከ50 ሜትር የተለቀቀ ድንጋይ መሬት ለመድረስ 3.2 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በሞዴሉ ላይ 50 ሜትር 2 ሜትር ስለሚሆን ያው ድንጋይ በ0.64 ሰከንድ ያርፋል። እንዲሁ ቢቀረጽ ፍርስራሹ ቶሎ ዱብ ይላል፤ የተመልካች ዓይንም መጫወቻ መሆኑን ወዲያው ያውቃል።

መፍትሔው ካሜራውን ማፍጠን ነው። ፊልም ሲታይ በሰከንድ 24 ፍሬም ያልፋል። ሲቀረጽ በሰከንድ 120 ፍሬም ከሆነ ግን፣ ሲታይ ነገሩ ሁሉ በ5 እጥፍ ይዘገያል፤ 0.64 ሰከንዱም ወደ 3.2 ይመለሳል። በ25 እጥፍ ላነሰ ሞዴል 5 የሚመጣው የ25 ስኩዌር ሩት ስለሆነ ነው። ይህ የወረቀቱ ስሌት ነው፤ ስቱዲዮ ውስጥ ፍጥነቱ እንደየትዕይንቱ ይለያይ ነበር። ዓይን ክብደትን የሚፈርደው ነገሩ ለመውደቅ በወሰደው ጊዜ ነው፤ ትሱቡራያም ያንን ጊዜ በእጁ አስገባ።

ይህ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ዋጋውን የከፈለው ደግሞ ልብሱ ውስጥ ያለው ሰው ነው። ካሜራው በፈጠነ ቁጥር እያንዳንዱ ፍሬም ለብርሃን የሚጋለጥበት ጊዜ ያጥራል፤ ስለዚህ መብራቱ መብዛት አለበት። መብራት ሲበዛ ሙቀቱ ይበረታል። ናካጂማ በዚያ ወፍራም ጎማ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር መቆየት የሚችለው፤ ከልብሱ ውስጥ ላቡን ይደፉት ነበር። በዚያ ላይ ሲታይ እንደሚዘገይ አስቀድሞ አስቦ እንቅስቃሴውን መለካት ነበረበት። የተዋናይነት ችሎታ ማለት ይህ ነው ባይ ነኝ፤ ፊቱ አንዴም አልታየም።

ሕንፃዎቹ ካርቶን አልነበሩም። ሲሰበሩ እንደ ድንጋይ እንዲፈረካከሱ ብዙዎቹ ከጄሶ ተሠርተው አስቀድመው በቦታ በቦታው ይሰነጠቁ ነበር። ቶኪዮ ዳር የቆሙትን የከፍተኛ ኤሌክትሪክ ምሰሶዎች አውሬው በትንፋሹ ሲያቀልጣቸው የምናየው ከሰም ስለተሠሩ ነው። ፊቱ በቅርብ ሲታይ ደግሞ ሰው የለበሰው ልብስ ሳይሆን በእጅ የሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት ነው። ጀርባው ላይ ያለው ሾህ ሲበራ ብርሃኑ በፊልሙ ላይ በእጅ የተሣለ ነው። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ፣ ጥቃቱም በሌሊት መሆኑ ብዙ ስፌት ሸፍኖላቸዋል። ከሁሉ የማደንቀው ግን ድምፁን ነው። ሙዚቃውን የደረሰው አኪራ ኢፉኩቤ የአውሬውን ጩኸት ከእንስሳ አልወሰደም፤ ኮንትራባስ የተባለው ትልቅ የሙዚቃ መሣሪያ ክር ረገብ ተደርጎ፣ የጥድ ሙጫ በተቀባ የቆዳ ጓንት ሲታሽ የወጣውን ድምፅ ቀርጸው ፍጥነቱን ለዋወጡት። ሰባ ዓመት አልፎትም ያ ድምፅ ሲሰማ ማንም አይሳሳትም።

ይህ ሁሉ ድካም ለጨዋታ አልነበረም። በ1954 ማርች 1 ቀን አሜሪካ ቢኪኒ በተባሉት ደሴቶች ላይ የሃይድሮጅን ቦምብ ስትሞክር፣ 23 ሰዎች የጫነች አንዲት የጃፓን ዓሣ አጥማጅ መርከብ ላይ መርዛማው አመድ ዘነበባት። የመርከቧ የሬዲዮ ሠራተኛ ሴፕቴምበር ላይ ሞተ፤ ፊልሙ የወጣው ከዚያ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ነው። ፊልሙ የሚጀምረውም ባሕር ላይ ድንገት በሚፈነዳ ብርሃንና በምትቃጠል መርከብ ነው። ፕሮዲዩሰሩ ቶሞዩኪ ታናካ ከኢንዶኔዥያ ጋር ሊሠራው የነበረ ፊልም ሲሰረዝበት ምትክ እየፈለገ ነበር፤ አውሬውን የወለደው የዚያ ዓመት ፍርሃት ነው። ዳይሬክተሩ ኢሺሮ ሆንዳ ከቻይና ግንባር ወደ ቤቱ ሲመለስ በፈራረሰችው ሂሮሺማ በኩል አልፏል። ትሱቡራያ ራሱ በ1942 ጃፓን የአሜሪካን ባሕር ኃይል የመታችበትን የፐርል ሃርበር ጥቃት በሞዴል የሠራው ለጦርነት ፕሮፓጋንዳ ፊልም ነበር። መርከቦች በቦምብ ሲመቱ በድል ያሳየ እጅ፣ ከ12 ዓመት በኋላ የገዛ ዋና ከተማው ስትነድ አሳየ።

ተመልካቹስ? በ1945 ማርች ላይ በአንድ ሌሊት የአየር ድብደባ ቶኪዮ ውስጥ 100,000 ያህል ሰው አልቋል። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ፊልሙን ሊያይ ወረፋ የያዘው ከዚያ የተረፈው ሕዝብ ነው። በፊልሙ አንዲት እናት እሳቱ ሲቀርብ ልጆቿን አቅፋ በቅርቡ ከአባታቸው ጋር እንደሚገናኙ ትነግራቸዋለች። አባት የት እንደሄደ ማንም አያብራራም፤ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋልና። በጃፓን 9.6 ሚሊዮን ያህል ትኬት ተሽጧል።

ከዚያ በኋላ ጥበቡ ተስፋፋ። ራዶንና ሞትራ የተባሉት በራሪ አውሬዎች መጡ፤ በ1966 የትሱቡራያ ድርጅት አልትራማን የተባለውን ተከታታይ ለቴሌቪዥን ሠራ፤ ትሱቡራያ ራሱ በ1970 አረፈ። በ2024 ደግሞ ጎድዚላ ማይነስ ዋን የተባለው ፊልም በልዩ የምስል ውጤት (ቪዥዋል ኢፌክትስ) ኦስካር ሲሸለም ለጃፓን ፊልም በዚህ ዘርፍ የመጀመሪያው ሆነ። አውሬው አሁን የኮምፒውተር ሥራ ነው። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እግሩን ሲያነሣ የሚዘገይባት ቅጽበት ናካጂማ ከዝሆኖቹ የተማራት ናት።

የመጀመሪያውን ለማየት ያሰበ ሰው አንድ ነገር ይጠንቀቅ። በ1956 አሜሪካ ውስጥ የወጣው ቅጂ ሬይመንድ በር የተባለ ተዋናይ እንደ ጋዜጠኛ የገባበት፣ ስለ ኑክሌር ሙከራ የሚነገረው ብዙው የተቆረጠበት ነው። የሚፈለገው የጃፓኑ የ96 ደቂቃ ፊልም ነው፤ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች በስፋት የታየው እንኳ በ2004 ነው።