ማሰሪያ አንቀጽ ያለው ስላይድ ምንድን ነው?

የምረቃ ወቅት ሲቃረብ ጎንደር ውስጥ ባዶ የመማሪያ ክፍል ማግኘት ያስቸግራል። የሳይንስና የምህንድስና ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናታቸውን ከፈታኞች ፊት ከማቅረባቸው በፊት ይለማመዳሉ፤ እኔም አማካሪ እንደመሆኔ በብዙ ልምምድ ላይ ተቀምጫለሁ። ከሁሉም የማልረሳው ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ ያጠናውን ልጅ ነው። ከምጣዱ ሥር አመድ ሞልቶ፣ ሙቀቱ እንዴት እንደሚወርድ ለወራት ሲለካ ከርሟል። በዚያን ቀን ግድግዳው ላይ የወጣው ስላይድ ከላይ «ውጤትና ትንታኔ» ይላል፤ ከሥሩ ዘጠኝ መስመር ደቃቅ ጽሑፍ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ቁጥሩ የማይነበብ ሠንጠረዥ አለ። ልጁ ጀርባውን ሰጥቶን ዘጠኙንም መስመር አንድ በአንድ አነበበልን።

ሲጨርስ «ምን አገኘህ?» አልኩት።

«መምህር፣ ሥሩ አመድ ያለበት ምጣድ መብራት ከጠፋ በኋላ ቶሎ አይቀዘቅዝም» አለኝ፣ ወደ ግድግዳው ዞር እንኳን ሳይል።

«ታዲያ ይህ ዓረፍተ ነገር የት አለ?»

ዞሮ ፈለገው። ከዘጠኙ መስመር በአንዱም ውስጥ አልነበረም።

የዚያን ልጅ ችግር የሚፈታ የስላይድ አሠራር አለ፤ በአማርኛ «ድምዳሜና ማስረጃ» ብንለው ይስማማዋል። በእንግሊዝኛ አሰርሽን ኤቪደንስ ይባላል። በስፋት ያስተዋወቀው በአሜሪካ የፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶችን አቀራረብ የሚያስተምረው ማይክል አሌይ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከስላይዱ አናት ላይ በአርእስት ፋንታ፣ ስላይዱ የሚያስረዳውን ፍሬ ነገር የያዘ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል፤ ከሁለት መስመር አይበልጥም። ከሥሩ ያንን ዓረፍተ ነገር የሚያረጋግጥ ግራፍ፣ ፎቶ፣ ንድፍ ወይም ቀመር ይቀመጣል። በነጥብ የተደረደረ ዝርዝር የለም። የቀረውን ተናጋሪው በአፉ ይናገረዋል።

ለተማሪዎቼ የምነግራቸው መለኪያ ከአማርኛ ሰዋስው የመጣ ነው። ማሰሪያ አንቀጽ የሌለው ንግግር ዓረፍተ ነገር እንዳልሆነ ሁላችንም ገና በልጅነታችን ተምረናል። «የምጣዱ የሙቀት ለውጥ» ብሎ ዝም ያለ ሰው ሰሚውን አንጠልጥሎ ነው የተወው፤ ሰሚው «ምን ሆነ?» ብሎ ይጠብቃል። «ሥሩ አመድ ያለበት ምጣድ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል» ሲባል ግን ነገሩ ታሰረ። ስለዚህ አናቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብብና ማሰሪያ አንቀጹን ፈልግ፤ ከሌለ ስላይዱ ገና አላለቀም።

ይህ ለጎንደር ሰው ባዕድ ነገር አይደለም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ግድግዳው ላይ ያሉትን ሥዕሎች ያየ ሰው፣ ታሪክ በሥዕል እንዴት እንደሚነገር ያውቃል። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ብዙ ጊዜ «ዘከመ» ብሎ የሚጀምር አጭር የግዕዝ ጽሑፍ ይገኛል፤ «ዘከመ ሰቀልዎ» ሲል «እንደ ሰቀሉት» ማለት ነው። ሠዓሊው «ስቅለት» ብሎ ስም ብቻ ሰጥቶ አላለፈም፤ ግስ አምጥቶ የሆነውን ነገር ተናገረ፣ ሥዕሉም የተባለውን አሳየ። ሐተታውን ለመምህሩ ተወለት። ሥዕሉን፣ ጽሑፉንና የመምህሩን ቃል እንዲህ ለያይቶ ማስቀመጥ ትልቅ ጥበብ ነው ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ ዝርዝሩ ለምን ይከብዳል? ሰው የተጻፈ ቃል እያነበበ ሌላ የሚነገር ቃል በአንድ ጊዜ ማዳመጥ ይቸግረዋል፤ ሁለቱም ቃል ስለሆኑ ይሻማሉ። ሥዕል እያየ ማዳመጥ ግን ይችላል። ፓወርፖይንት እ.ኤ.አ. በ1987 ከወጣ ወዲህ፣ አርእስትና ነጥብ የሚጻፍበት ሰሌዳ ተዘጋጅቶ ስለሚጠብቀን እሱን መሙላት ልማድ ሆነ። ልማዱ የሚጠቅመው ለተናጋሪው ነው፤ ማስታወሻው ግድግዳ ላይ ተለጥፎለታል።

ዋጋው ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ለማሳየት ሁልጊዜ የኮሎምቢያን ታሪክ አነሣለሁ። የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. ጥር 16 ቀን 2003 ስትነሣ ከነዳጅ ማጠራቀሚያዋ የተገነጠለ የአረፋ ቁራጭ ግራ ክንፏን መታት። ጠፈርተኞቹ ገና ምሕዋር ላይ ሳሉ መሐንዲሶች ስለ ጉዳቱ ስላይድ አቀረቡ። የአንደኛው ስላይድ አናት፣ የሙከራው መረጃ ሲታይ ስለ ሙቀት መከላከያ ጡቦቹ የተሰጠው ግምት ጥንቃቄ የተሞላበት ነው፣ ማለትም ጉዳቱን አብዝቶ እንጂ አሳንሶ አይገምትም የሚል መንፈስ ነበረው። ከሥሩ ዝርዝር፣ በዝርዝሩ ውስጥ ሌላ ዝርዝር። ከሁሉም በታች፣ የአረፋው መጠን 1920 ኪዩቢክ ኢንች ሲሆን ሙከራ የተደረገበት ግን 3 ኪዩቢክ ኢንች ብቻ እንደሆነ ተጽፏል። ከተሞከረው 640 እጥፍ ማለት ነው። የካቲት 1 ቀን መንኮራኩሯ ወደ ምድር ስትመለስ ቴክሳስ ሰማይ ላይ ተበታተነች፤ ሰባቱም ሞቱ። አደጋውን የመረመረው ቦርድ በሪፖርቱ ያንን ስላይድ ለይቶ ተችቶታል።

ልብ በሉ፤ ያ ስላይድ አናቱ ላይ ግስ ነበረው። ማሰሪያ አንቀጽ ብቻውን አያድንም። ዓረፍተ ነገሩ ከማስረጃው መውጣት አለበት። በዚያ ስላይድ አናት ላይ መጻፍ የነበረበት «የመታን አረፋ እስከ ዛሬ ከሞከርነው ሁሉ እጅግ ይበልጣል» የሚለው ነበር፤ እንዲህ ቢጻፍ ኖሮ የሰሚው ጥያቄ ሌላ ይሆን ነበር።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ «ፈታኞቹ መግቢያ፣ ዘዴ፣ ውጤት የሚል ቅደም ተከተል ይፈልጋሉ» ይሉኛል። ቅደም ተከተሉ ይኑር፤ የክፍሉን ስም በትንሽ ፊደል ጥግ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። ሌላው ስጋታቸው ዝርዝሩ ከጠፋ ንግግሩ ይጠፋብናል የሚል ነው። ይህን ስጋት አልንቀውም፤ በተለይ በእንግሊዝኛ ለሚያቀርብ ልጅ እውነተኛ ነው። መድኃኒቱ ግን ልምምድ ነው። ማስታወሻውን በወረቀት ይዞ፣ ፊቱን ወደ ሰው አዙሮ፣ ሦስት አራት ጊዜ ጮክ ብሎ መናገር።

ከሁሉም የሚከብደው ዓረፍተ ነገሩን መጻፍ ነው። «ውጤት» ብሎ ለመጻፍ ምንም ማወቅ አያስፈልግም። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ግን ምን እንዳገኙ መወሰን ያስፈልጋል፤ ያልጠራው ነገር እዚያ ላይ ይታያል። የምጣዱ ልጅ ለአንዷ ስላይድ አንድ ከሰዓት በኋላ ፈጅቶባታል። መጀመሪያ «አመድ ኃይል ይቆጥባል» ብሎ ጻፈ፤ ነገር ግን የለካው ሙቀት እንጂ የኃይል ፍጆታ አልነበረም፣ ሰረዘው። በመጨረሻ የቀረው፣ ባዶው ክፍል ውስጥ የነገረኝ ያው ዓረፍተ ነገር ነው። ከሥሩ ሁለት መስመር ያለው አንድ ግራፍ አስቀመጠ፦ አንዱ እንደ ገደል የሚወርድ፣ ሌላው እንደ ለስላሳ ቁልቁለት የሚያዘግም። ጎኑ ላይ አመዱ የሚታይበት፣ ተገልብጦ የተነሣ የምጣዱ ፎቶ።

ቀኑ ደርሶ ሲያቀርብ ያ ስላይድ ሲወጣ ዝም ብሎ ትንሽ ቆየ። ከፈታኞቹ አንዷ መነጽራቸውን አስተካክለው ግራፉን አዩና «አመዱ እርጥበት ሲስብስ? ያኔም እንዲህ ይሆናል?» አሉት። «አልሞከርኩትም» አላቸው። የቀረው ሰዓት በሙሉ እርጥብ አመድ እንዴት እንደሚሞከር ሲወያዩበት አለቀ።