የኬክ አሰራር ፍለጋና የማያባራው ኢሜይል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጡረታ ከወጡ በኋላ ዳቦና ኬክ መጋገር የሚጀምሩ ብዙ ናቸው። ጊዜ አለ፣ ትዕግሥት አለ፣ አሰራሩ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ግን አንዱን አሰራር ለማውረድ ኢሜይላቸውን ያስገባሉ፤ ብዙም ሳይቆይ ሣጥኑ ከማያውቁት ሰው በሚመጣ መልእክት ይጥለቀለቃል። ያኔ ከየአቅጣጫው ምክር ይመጣል። ከምክሩም ውስጥ ስህተቱ ብዙ ነው።

«የምፈልገው የኬክ አሰራር ነው፤ ከእኔ ምን ያገኛሉ?»

ብዙ ነገር ያገኛሉ። ስኳር የሌለው ኬክ ደጋግመው ከፈለጉ፣ ቤት ውስጥ የስኳር ሕመምተኛ እንዳለ መገመት ለማስታወቂያ ድርጅት ቀላል ነው። ለዚህ ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ ድረ ገጹ ኮምፒውተርዎ ላይ የሚያስቀምጠው፣ ኩኪ የሚባለው ትንሽ ፋይል ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ሉ ሞንቱሊ የተባለ፣ ድረ ገጽ መክፈቻ ፕሮግራም ይሠራ የነበረው የኔትስኬፕ ኩባንያ ባለሙያ ሲሠራው፣ ዓላማው ድረ ገጹ ተመልሶ የመጣን ጎብኚ እንዲያስታውስ ነበር። ኋላ ግን የማስታወቂያ ድርጅቶች ሰውን ከአንዱ ድረ ገጽ ወደ ሌላው ለመከታተል ተጠቀሙበት። «ኩኪ ይቀበላሉ?» ሲባሉ «አልቀበልም» ይበሉ። አሰራሩ አብዛኛውን ጊዜ ያው ይነበባል።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ፎቶው ነው። የልደት ኬክ ይጋገራል፤ ላዩ ላይ ስምና «70» ይጻፋል፤ በዕለቱም ማንም በሚያየው ገጽ ላይ ይለጠፋል። ሙሉ የትውልድ ቀን ወጣ ማለት ነው። የይለፍ ቃል ቢወጣ ይቀየራል፤ የትውልድ ቀን ግን አይቀየርም። ብዙ ድርጅቶች ደግሞ በስልክ ማንነትዎን ሲያረጋግጡ የሚጠይቁት እሱኑ ነው። በተጨማሪም የካሜራው ሎኬሽን በርቶ ከሆነ፣ ፎቶው የተነሳበት ቦታ ፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል። ፎቶውን እንዳለ በኢሜይል ሲልኩት አብሮ ይሄዳል። ኬክዎን በደስታ ያሳዩ፤ ግን ለቤተሰብና ለወዳጅ ብቻ እንዲታይ አድርጉልኝ። ሎኬሽኑንም ያጥፉት።

«ኢሜይል ካልሰጠሁ አሰራሩን አላገኝም»

ብዙ ጊዜ ያገኛሉ። ኢሜይል የሚጠይቀው መስኮት ጥግ ላይ «ኤክስ» አለ። እሱን ሲነኩት አሰራሩ ከሥር ቁጭ ብሎ ያገኙታል። የግድ ከሆነ ደግሞ ለመጋገር ጉዳይ ብቻ የሚሆን ሌላ ኢሜይል ይክፈቱ። በእኔ እምነት ከምክሮች ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው። ባንክዎ፣ ሐኪምዎና ልጆችዎ የሚጽፉበት አድራሻ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። ጂሜይል ካለዎት አዲስ መክፈትም ላያስፈልግዎ ይችላል። ከስምዎ ቀጥሎ፣ ከአት ምልክቱ (@) በፊት፣ የመደመር ምልክትና አንድ ቃል ቢጨምሩ መልእክቱ ያው ይደርስዎታል። በዚያ አድራሻ የማያውቁት ሰው ሲጽፍልዎ፣ አድራሻዎ ከየት እንደወጣ ለመለየት ይረዳዎታል።

አንድ ነገር ልጨምር። «አሰራሩን ለማተም ይህን ፕሮግራም ይጫኑ» የሚል ካዩ አይንኩት። የሚጠቀሙበት ብራውዘር፣ ማለትም ድረ ገጽ የሚከፍቱበት ፕሮግራም፣ ራሱ ማተም ይችላል።

«አንሰብስክራይብ የሚለውን በፍጹም አትንካ»

አንሰብስክራይብ ማለት ከላኪው ዝርዝር መውጣት ነው። ምክሩ ግማሽ እውነት ነው። ወደውና ፈቅደው የተመዘገቡበት፣ የሚያውቁት ላኪ ከሆነ ይንኩት። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ጂሜይልና ያሁ በብዛት የሚልኩ ድርጅቶች ሰው በአንድ ንክኪ ከዝርዝራቸው እንዲወጣ እንዲያደርጉ፣ ጥያቄውንም በሁለት ቀን ውስጥ እንዲፈጽሙ ያስገድዳሉ። ጨርሶ የማያውቁት ላኪ ከሆነ ግን ሊንኩን አይንኩ፤ «ተወኝ» ብለውም መልስ አይጻፉ። ሁለቱም «ይህን አድራሻ የሚያነብ ሰው አለ» ብለው ለላኪው ይነግሩታል። ዝም ብሎ ማጥፋትም ብዙ አይረዳም። «ስፓም» (ያልተፈለገ መልእክት) የሚለውን ይንኩ፤ የኢሜይልዎ ማጣሪያ የሚማረው ከዚያ ነው።

«የላኪውን ስም አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ እሱ ነው»

በፖስታ ጀርባ ላይ ማንም ሰው የፈለገውን ስም መጻፍ እንደሚችለው፣ ኢሜይል ላይ የሚታየውም ስም ላኪው የጻፈው ነው። አድራሻው ራሱ ሊመሳሰል ይችላል። ድሮ አጭበርባሪ በተሰባበረ ቋንቋው ይታወቅ ነበር። አሁን በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ጥርት ያለ ደብዳቤ ይጻፋል። «ያዘዙት የኬክ ቅርጽ ማውጫ ጉምሩክ ተይዟል፣ ክፍያ ይፈጽሙ» ቢባሉ በመልእክቱ ሊንክ አይግቡ። ዕቃውን ወደገዙበት ገጽ ራስዎ ገብተው ትእዛዝዎን ይዩ።

«የቁልፍ ምልክት ካለ ገጹ ታማኝ ነው»

አይደለም። ከድረ ገጹ አድራሻ አጠገብ የሚታየው የጓጉንቸር ምልክት የሚለው በእርስዎና በገጹ መካከል ያለውን መረጃ ሌላ ሰው መንገድ ላይ አያነበውም ብቻ ነው። የገጹ ባለቤት ሌባ ይሁን ጨዋ አይነግርዎትም። ሰዎች ምልክቱን በተሳሳተ መንገድ ስለሚረዱት የጉግል ብራውዘር ክሮም እ.ኤ.አ. በ2023 በሌላ ምልክት ተክቶታል።

ኢንኮግኒቶ የሚባለው የብራውዘር የግል መስኮትም እንዲሁ በስህተት ይታመናል። የጎበኙትን ገጽ ከራስዎ ኮምፒውተር ታሪክ ያጠፋል፤ ከድረ ገጹና ከኢንተርኔት አቅራቢው ግን አይሰውርዎትም።

«የሚታለሉት ሽማግሌዎች ናቸው»

ይሄኛው ያሳዝነኛል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የሚደርሱትን አቤቱታዎች ሲዘረዝር፣ በማጭበርበር ገንዘብ አጣን የሚሉት ከአረጋውያን ይልቅ ወጣቶች በብዛት ሆነው ተገኝተዋል። አረጋውያን ሲጭበረበሩ ግን የሚያጡት ገንዘብ ከፍ ይላል። ልጆች ሆይ፣ «ምን አስነካዎት?» ብላችሁ አትቆጡ። ሰው ከተቆጡት ይደብቃል፤ በተደበቀ ቁጥር ደግሞ ገንዘቡን የማስመለስ ዕድሉ ይጠባል። እናት ወይም አባት «አንድ ነገር ነካሁ መሰለኝ» ካሉ፣ ካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ለባንኩ ወዲያው ይደወል። ቀጥሎ የኢሜይሉ የይለፍ ቃል ይቀየር፤ የሌሎቹ አካውንቶች የይለፍ ቃል የሚታደሰው በእሱ በኩል ነውና። ከይለፍ ቃሉ ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም ያኔውኑ አብራችሁ አብሩት።