የሙያ ጥፋት ምንድን ነው? የአምቡላንስ ባለሙያ በሕግ የሚጠየቀው መቼ ነው?

አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ አንድ ምሽት ባጃጅና አይሱዙ ተጋጩ። የባጃጁ ልጅ አስፋልቱ ላይ ወድቋል። ሰው ከቦታል፤ ግማሹ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። አምቡላንስ ደረሰና አንዲት ወጣት ነርስ ወረደች። አንገቱ እንዳይነቃነቅ ሹፌሩ በሁለት እጁ እንዲይዝላት አደረገች። "ወንድሜ፣ ይሰማሃል?" አለችው። ከዚያ እስክሪብቶ አወጣችና ግራ እጇ ጓንት ላይ ቁጥር ጻፈች፦ 1፡20። የደረሰችበት ሰዓት ነው።

ከኋላዬ አንድ ሰውዬ "ይሄ ልጅ ቢሞት እሷ ናት የምትጠየቀው" አለ። ይህን አባባል በየቦታው እሰማዋለሁ። ባለሙያዎቹም ራሳቸው ይፈሩታል። ግን ሕጉ እንደዚያ አይልም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2031 ስለ ሙያ ሥራ ይናገራል። አንድ ባለሙያ የሙያውን ደንብ መጠበቅ አለበት። ጥፋተኛ የሚባለው በጥንቃቄ ጉድለት ወይም በቸልተኝነት ግዴታውን ጭራሽ እንዳላወቀ ሰው ሲሠራ ነው። መለኪያው ደግሞ የሳይንሱና የሙያው ደንብ ነው። የሰፈር ሰው ግምት ወይም የሟች ቤተሰብ ሐዘን መለኪያ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ዳኛው በመጀመሪያ የሚጠይቀው "በሽተኛው ዳነ ወይ?" ብሎ አይደለም። "እሷ ቦታ የነበረ ሌላ ብቁ ነርስ ምን ያደርግ ነበር?" ነው ጥያቄው። ትክክለኛውን ሁሉ አድርጋ ሰው እጇ ላይ ሊሞት ይችላል። ይህ መርዶ ነው፣ ጥፋት ግን አይደለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 69ም ይህንኑ ያጠናክራል፤ የሙያውን ልማድ ተከትሎ የተሠራ ሥራ ከባድ የሙያ ጥፋት እስከሌለበት ድረስ አያስቀጣም።

ታዲያ የሚያስጠይቀው ምንድን ነው?

አንደኛው እምቢ ማለት ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 537 ከባድ ችግር ላይ ላለ ሰው ያለ በቂ ምክንያት አገልግሎት የሚነፍግ የጤና ባለሙያን ይቀጣል። ምክንያቶቹንም ይዘረዝራል፦ ግድየለሽነት፣ ራስ ወዳድነት፣ ስስት፣ ጥላቻ፣ ንቀት። "መጀመሪያ ብር አስይዙ" እየተባለ ደሙ የሚፈስ ሰው በር ላይ ሲቆም ስስት የሚለው ቃል ትዝ ይለኛል። አንቀጽ 575 ደግሞ ከዚህ ይሰፋል። ሕይወቱ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው መርዳት እየቻለ ጥሎ የሚሄድ ማንኛውም ሰው ይጠየቃል። የሕክምና ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል።

"ማንኛውም ሰው" የሚለውን ልብ በሉልኝ። ያን ምሽት ስልክ ይዘን የቆምነው ሁላችን እዚያ ውስጥ አለን። ሕጉ ደም አቁሙ አይለንም፤ እርዳታው በቀጥታም በተዘዋዋሪም ሊሆን ይችላል። ያንኑ ስልክ ተጠቅሞ አምቡላንስ መጥራት፣ ለመኪናው መንገድ ማስለቀቅ ይበቃል።

ይህ ግዴታ ግን ወሰን አለው። መርዳት ያለብህ ራስህንም ሌላውንም ለአደጋ ሳታጋልጥ ስትችል ነው። የጅቡቲ መንገድ ከተማችንን አቋርጦ ያልፋል፤ ቦቴዎቹን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ቦቴ ተገልብጦ ነዳጁ እየፈሰሰ ከሆነ ነርሷ ርቃ ቆማ እሳት አደጋ ብትጠብቅ ማንም "ለምን አልገባሽም?" ሊላት አይችልም።

ሁለተኛው ቸልተኝነት ነው። አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይመለከታል። የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት፣ ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮም ነው። አንቀጹ በምሳሌነት የጠራቸው ሁለት ሙያዎች አሉ፦ ሐኪምና አሽከርካሪ። አምቡላንስ ውስጥ ሁለቱ ሥራዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሹፌሩ ሳይረን አበራ ማለት ቅድሚያ ይሰጠው ማለት ነው፤ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሳያይ ግባ ማለት ግን አይደለም።

ቸልተኝነት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ስልኩ ከመደወሉ በፊት ነው። ተረኛው ጠዋት ሲገባ የኦክስጅኑን ሲሊንደር ከፍቶ ጌጁን ካላየ፣ ማታ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው "አላወቅኩም" ቢል አያዋጣውም። ማወቅ ነበረበት። አይቶ፣ ባዶ መሆኑን ጽፎ፣ ለአለቃው አሳውቆ ምላሽ ካጣስ? ያኔ ጥያቄው ወደ ተቋሙ ይዞራል። መዞርም አለበት። መሣሪያና ነዳጅ ሳያቀርቡ ነርሷን ብቻ ፊት ማቆም ግፍ ነው ብዬ አምናለሁ። በካሳ በኩልም የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2651 የሕክምና ተቋም በሠራተኞቹ ጥፋት ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይናገራል።

ብዙ ሰው የሚስተው ሌላ ነገር አለ። ግዴታው ሆስፒታል በር ላይ አያበቃም። በሽተኛውን ኮሪደር ላይ አስቀምጦ መመለስ ጥሎ መሄድ ነው። ተረካቢው ነርስ ወይም ሐኪም በእጁ ሲቀበል፣ ምን እንደተሰጠው በቃልም በወረቀትም ሲነገረው ነው ርክክብ የሚባለው።

በሽተኛው ራሱ አውቆ "አልሄድም" ካለስ? በሕጋችን ማንም ሰው ሕክምናን እምቢ የማለት መብት አለው። ጎትቶ መጫን አይቻልም። አደጋውን በሚገባው ቋንቋ መንገር፣ ማስፈረምና ምስክር መያዝ ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ግን ፈቃድ እየጠበቁ መቆም የለም። የበሽተኛን ፎቶ ቲክቶክ ላይ መልቀቅማ የሙያ ምስጢር ማውጣት ነው፤ እሱም በወንጀል ያስጠይቃል።

ቅሬታ ሲመጣ ጉዳዩ የጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ ዘንድ ሊቀርብ ይችላል። እዚያ የሚታየው ወረቀት ነው። ስንት ሰዓት ደረሰች፣ ትንፋሹ ስንት ነበር፣ ምን ሰጠችው፣ ለማን አስረከበች።

ነርሷን በሌላ ቀን አግኝቻት ስለ ጓንቱ ጠየቅኳት። "ያኔ ወረቀት የማወጣበት ጊዜ የለኝም" አለችኝ። "ካስረከብኩ በኋላ ጓንቱን ከመጣሌ በፊት ቅጹ ላይ እገለብጠዋለሁ። ደም ነክቶት ካልታየኝ ሹፌሩን እጠይቀዋለሁ፤ እሱም ሰዓቱን ይይዝልኛል።"