ዘላቂ ግብርና ምንድን ነው?

አንድ ማሳ ዘንድሮ ብዙ አመረተ ማለት ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ምርቱ የተገኘው አፈሩ ተሟጦ፣ የከርሰ ምድር ውሃው ደርቆ ከሆነ የዘንድሮው ጥጋብ የመጪው ዓመት ረሃብ ነው። ዘላቂ ግብርና የሚባለው የዛሬውን ሰው እያበላ መሬቱን፣ ውሃውንና የገበሬውን ኑሮ ለነገ የሚያቆይ አስተራረስ ነው። ኬሚካል የሌለበት እርሻ ብቻ አድርገው የሚያስቡት አሉ። ጉዳዩ ግን ከዚያ በጣም ይሰፋል።

ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከአፈር ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እንደሚለው ከምንበላው 95 በመቶው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከአፈር ይገኛል። ከዓለም አፈር ደግሞ ሲሶው ተጎድቷል። ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር ለመፈጠር እስከ 1,000 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። የተራቆተ ተዳፋት ላይ የወረደ ኃይለኛ ዝናብ ግን የዘመናትን ሥራ በአንድ ቀን ጠርጎ ይወስደዋል።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ አፈሩን የወሰደው ነፋስ ነበር። ሰፊው ሜዳ ላይ አፈሩን በሥሩ ይዞት የኖረው ሣር ተገልብጦ ስንዴ ተዘራበት። ድርቅ ሲመጣ አፈሩን የሚይዘው ነገር ጠፋ። አቧራው ቀኑን አጨለመው፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ቀያቸውን ጥለው ተሰደዱ።

ታዲያ ምን ይሻላል? መሬቱን ያለ ልክ ደጋግሞ አለማረስ አንዱ ነው። ሌላው፣ ከአጨዳ በኋላ ገለባውን አለማቃጠል። ማሳው ላይ የቀረ ገለባ የዝናቡን ጉልበት ይሰብራል፤ እርጥበት ይይዛል፤ ሲበሰብስም ለአፈሩ ምግብ ይሆናል። ሰብል ማፈራረቅም አለ። ባቄላና ሽምብራን የመሳሰሉ ጥራጥሬዎች ሥራቸው ላይ ትንንሽ ቋጠሮዎች አሏቸው። እዚያ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ተክሉ ወደሚጠቀምበት መልክ ይለውጡታል። ከነሱ ቀጥሎ የሚዘራው እህል ከዚህ ይጠቀማል፤ የሚገዛው ማዳበሪያም ይቀንሳል።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ኬንያ የሚገኘው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔ ከእንግሊዙ ሮታምስቴድ የምርምር ተቋም ጋር ያዳበረው ዘዴ ነው። ከበቆሎ ትልልቅ ጠላቶች አንዱ አገዳ ቆርቁር የሚባለው ትል ነው። በቆሎው መሃል ዴስሞዲየም የተባለ ተክል ይዘራል። የዚህ ተክል ሽታ የትሏን እናት፣ ማለትም የእሳት ራቷን፣ ያባርራታል። በማሳው ዙሪያ ደግሞ የዝሆን ሣር ይተከላል። ይሄኛው ይስባታል፤ እንቁላሏን እዚያ ትጥላለች፤ የሚፈለፈሉት ትሎችም አብዛኞቹ ሣሩ ውስጥ ያልቃሉ። ዴስሞዲየም በዚህ አያበቃም። ከሥሩ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም አብቅሎ፣ የበቆሎው ሥር ላይ ሳይጣበቅ እንዲሞት ያደርገዋል። በዚያ ላይ ለአፈሩ ናይትሮጅን ይጨምራል፤ ለከብትም መኖ ነው። አንድ ተክል ይህን ሁሉ ሲሠራ ማየት ተስፋ ይሰጣል።

ግን ጥድፊያ ዋጋ ያስከፍላል። ስሪላንካ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 የኬሚካል ማዳበሪያ እንዳይገባ በአንድ ጊዜ ከለከለች። ገበሬው ምትክ አላዘጋጀም፤ የሚበቃው ኮምፖስትም አልነበረም። የሩዝ ምርቱ ክፉኛ አሽቆለቆለ። መንግሥትም ዓመት ሳይሞላ በኅዳር ወር ክልከላውን አላላ። በኔ እምነት ማዳበሪያን በልኩና በጊዜው መጠቀም ከዘላቂ ግብርና ጋር አይጣላም። የሚጎዳው ሲበዛ ነው። ተክሉ ያልተጠቀመበት ታጥቦ ወንዝና ሐይቅ ይገባል፤ አልጌ የተባለውን ውሃ ውስጥ የሚበቅል አረንጓዴ ነገር ያበዛል፤ ዓሣውን አየር ያሳጣዋል።

ገበሬውንም ማሰብ አለብን። አፈር እስኪያገግም ጥቂት ዓመታት ይወስዳል፤ በመጀመሪያው ወቅት ምርቱ ላይጨምር ይችላል። መሬቱን ለአንድ ዓመት ብቻ የተከራየ ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ለሚደርስ ዛፍ አይደክምም፤ አይፈረድበትምም። ገለባው ለከብት ወይም ለማገዶ በሚፈለግበት ቤት ደግሞ “ማሳው ላይ ተወው” ማለት ብቻውን አይሠራም። እንዲህ ባለው ቦታ ከመኖው መጀመር ይሻላል። ድንበሩ ላይ የመኖ ሣርና ዛፍ ይተከል፤ እነሱ ሲደርሱ ገለባው ቀስ በቀስ ለአፈሩ ይቀራል።