የሬዲዮ ሲግናል ባንድዊድዝ ምንድን ነው?

ደሴ ሰኞ ገበያ ውስጥ ጭድ የጫነች አህያ ስትመጣ ዞር ብላችሁ መንገድ ትለቃላችሁ። አህያዋ ራሷ ቀጭን ናት። መንገዱን የሚሞላው ግራና ቀኝ የተንዘረጠጠው ጭድ ነው። ባንድዊድዝ ማለት ይኸው ነው፦ አንድ ሲግናል ከነጭነቱ ከዳር እስከ ዳር የሚይዘው የፍሪኩዌንሲ (ሞገዱ በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት) ስፋት።

ብዙ ሰው ከጣቢያው ቁጥር ጋር ያምታታዋል። ሬዲዮው ላይ የምታነቡት ቁጥር፣ ለምሳሌ 999 ኪሎኸርዝ፣ ተሸካሚው ሞገድ ያለበት ቦታ ነው። አህያዋ የቆመችበት በሉት። ባዶውን ሲሆን ስፋት የለውም ማለት ይቻላል። ድምፅ ሲጫንበት፣ ማለትም ሞጁሌት ሲደረግ፣ ጎን ያወጣል። በኤኤም፣ ማለትም ድምፁ የሞገዱን ጉልበት ከፍ ዝቅ በሚያደርግበት ዘዴ፣ የ3 ኪሎኸርዝ ድምፅ ብትጭኑበት አንዱ ጎን 996 ላይ፣ ሌላው 1002 ላይ ይወጣል። ስፋቱ 6 ሆነ፤ የድምፁ እጥፍ።

እዚህ ላይ ነው ችግሩ። በአፍሪካና በአውሮፓ በኤኤም የሚሠሩት የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎች የተደለደሉት በ9 ኪሎኸርዝ ርቀት ነው። ጎረቤቱን ላለመግፋት ድምፁ ከ4.5 ኪሎኸርዝ ብዙም ማለፍ የለበትም። የ«ሰ» ፉጨት ደግሞ አብዛኛው ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ በኤኤም ዜና ስትሰሙ ሰውየው «ሰራ» ይሁን «ፈራ» አንዳንዴ ጆሮ አይለየውም፤ ከዓረፍተ ነገሩ ነው የምትገምቱት።

ሁለቱ ጎኖች የያዙት መልእክት አንድ ዓይነት ነው። አንዱን ብቻ መላክም ይቻላል፤ የረጅም ርቀት መገናኛ ሬዲዮዎች እንዲህ አድርገው በ3 ኪሎኸርዝ ገደማ ይነጋገራሉ። አህያ ብትሆን ትንጋደድ ነበር።

ኤፍኤምስ? እዚህ ድምፁ የሚለዋውጠው የተሸካሚውን ፍሪኩዌንሲ ነው። ድሮ መሐንዲሶች ፍሪኩዌንሲውን ወዲያና ወዲህ በጥቂቱ ብቻ ብናወዛውዘው ከኤኤም የጠበበ ቦታ ይበቃዋል ብለው ነበር። አሜሪካዊው መሐንዲስ ጆን ካርሰን በ1922 እ.ኤ.አ. ስህተት መሆኑን በሒሳብ አሳየ። የሱ ቀመር ዛሬም ይሠራል፦ ውዝዋዜውንና የድምፁን ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ደምሩ፣ በሁለት አባዙ። ለተራ ኤፍኤም ጣቢያ 75 ሲደመር 15፣ ጊዜ 2፣ 180 ኪሎኸርዝ። የኤኤሙን 9 ኪሎኸርዝ 20 እጥፍ! ግን ብክነት አይደለም። ስፋቱን ከፍለን የምንገዛው ጥራት ነው፤ «ሰ»ም ጥርት ብላ ትሰማለች፣ ጫጫታውም ይቀንሳል።

በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ኩርባው ላይ ኤፍኤሙ ቢቆራረጥ ግን ባንድዊድዙን አትውቀሱት። የኤፍኤም ሞገድ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ የጋረደው ተራራው ነው።