የአሜሪካ ሴኔት «ምድብ» ምንድን ነው? አዲስ ግዛት ሲገባስ ማን ይመድባል?

የአሜሪካ ዋና ከተማ ዋሽንግተን ዲሲ ግዛት ትሁን የሚለው ክርክር ባገረሸ ቁጥር አንድ ተንታኝ ብቅ ይልና «ሁለት አዲስ ሴናተሮች ለስድስት ለስድስት ዓመት ይገባሉ፤ ረጅሙን ዘመን ለማን መስጠት እንዳለበት አብላጫው ፓርቲ ይወስናል» ይለናል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ስሕተት! እርስ በርሱ እንደሚጣረስ እንኳ አላስተዋለም፤ ሁለቱም ስድስት ዓመት ካገኙ ረጅምና አጭር የሚባል ዘመን ከየት መጣ?

ስድስቱ ዓመት የሰውየው ሳይሆን የወንበሩ ነው። ወንበሮቹ በሦስት ምድብ ተከፍለዋል፤ በየሁለት ዓመቱ የአንዱ ምድብ ዘመን ያበቃል፤ የአንድ ግዛት ሁለት ወንበሮችም በአንድ ምድብ አይቀመጡም። (እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ጆርጂያ ሁለቱንም ሴናተሮቿን በአንድ ቀን መርጣ የለም ወይ የሚል አይጠፋም። አንደኛው ምርጫ የጎደለ ዘመን ማሟያ ነበር። ያን ያሸነፉት ራፋኤል ዋርኖክ በ2022 እንደገና የተወዳደሩትም ምድቡ ስላልተነካ ነው።)

ዕቁብን አስቡ። ዙሩ ከተጀመረ በኋላ ሁለት ሰዎች እንግባ ቢሉ፣ ዳኛው ለእነሱ ሲል ዙሩን ከመጀመሪያው አያስጀምርም። ባለበት ይገባሉ፤ ማን ቀድሞ፣ ማን ዘግይቶ እንደሚደርሰው ዕጣው ይናገራል። ዳኛው ዕጣ ያስወጣል እንጂ ባለዕጣ አይመርጥም። ንጽጽሩ የማያስኬደው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ በዕቁብ ቀድሞም ዘግይቶም የወጣለት የሚወስደው ገንዘብ እኩል ነው፤ በሴኔት ግን አጭሩ ዕጣ የደረሰውን የሚክሰው የለም።

ዊልያም ማኮኔልን ይጠይቋቸው። አይዳሆ በ1890 ግዛት ስትሆን እርሳቸውና ጆርጅ ሹፕ ሴናተር ሆነው ሄዱ። ያን ጊዜ ሴናተር የሚመርጠው ሕዝቡ ሳይሆን የግዛቱ ምክር ቤት ነበር፤ ይህ በ17ኛው ማሻሻያ በ1913 ተለውጧል። ዕጣ ሲወጣ ለሹፕ እስከ መጋቢት 1895 የሚዘልቀው ወንበር ደረሳቸው። ማኮኔል ግን በታኅሣሥ 1890 ገብተው በመጋቢት 1891 ዘመናቸው አለቀ። ሁለት ወር ተኩል! ስድስት ዓመት የሚለው ሰው ይህን እንዴት እንደሚያስረዳልን እንጃ።

ወደ አብላጫው ፓርቲ እንምጣ። እውነት ነው፣ ሕገ መንግሥቱ በግልጽ የሚናገረው ስለ መጀመሪያዎቹ ሴናተሮች ክፍፍል ብቻ ነው፤ ኋላ ለሚመጡት መንገዱን ያበጀው ራሱ ሴኔቱ በግንቦት 1789 ባሳለፈው ውሳኔ ነው። ውሳኔው አዲስ ገቢዎች በዕጣ ይመደቡ፣ የምድቦቹ ቁጥርም የተቻለውን ያህል እኩል ይሁን ይላል። ሥራውን የሚሠራው ይህ የእኩልነት ደንብ ነው፤ ተንታኛችን የዘለለውም እርሱን ነው።

በ1959 የሆነውን ተመልከቱ። ሴናተሮቹ 96፣ በየምድቡ 32 ነበሩ። አላስካ ስትገባ ሦስቱም ምድቦች እኩል ስለነበሩ የትኞቹ ሁለቱ ይደርሷት የሚለው ለዕጣ ክፍት ነበር። ቦብ ባርትሌት ምድብ 2፣ ኧርነስት ግሩኒንግ ምድብ 3 ወጣላቸው። ባርትሌት በ1958 መጨረሻ ተመርጠው በ1960 እንደገና ለውድድር ቀረቡ። በነሐሴ 1959 ሃዋይ ስትመጣ ግን ምድብ 1 ባለ 32 ሆኖ ስለቀረ፣ አንዱ ሴናተር የግድ ወደዚያ መግባት ነበረበት። ሌላው በ2 እና በ3 መካከል በዕጣ ተለየ፤ 3 ወጣ። ሃይረም ፎንግ ምድብ 1ን፣ ኦረን ሎንግ ምድብ 3ን አገኙ። የፎንግ «ረጅም ዘመን» እንኳ ስድስት ዓመት አልሞላም፤ በጥር 1965 አበቃ። የአላስካ የግዛትነት ሕግ ራሱ ለሁለቱ ወንበሮች በምርጫ ወረቀት ላይ የሚሰጠው መለያ የዘመን ርዝመትን እንዳያመለክት አስቀድሞ ከልክሎ ነበር። መራጩ ድምፅ ሲሰጥ የትኛው ወንበር ረጅም እንደሆነ አያውቅም፤ ተወዳዳሪውም አያውቅም።

ዛሬ ምድቦቹ 33፣ 33 እና 34 ናቸው። ዲሲ በዚህ ላይ ብትገባ ሴናተሮቿ ምድብ 1 እና ምድብ 2 ውስጥ ከመግባት ሌላ አማራጭ የላቸውም፤ ለዕጣ የሚቀረው ማን በየትኛው ይቀመጥ የሚለው ብቻ ነው። ከእርሷ ቀጥላ የአሜሪካ ይዞታ የሆነችው ፖርቶ ሪኮ ብትመጣ ሦስቱም ምድቦች 34 ስለሚሆኑ እንደ አላስካ ጊዜ ሁሉም ክፍት ይሆናል።